ጥሪው አርዲቦ ድረስ ይሰማል?

ወላጆችዎ ክፍለ ሀገር የሚኖሩ ከሆነ ይህን መንገድ በደንብ ያውቁታል። እንበልና እናትዎ ያሉት ደቡብ ወሎ፣ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ነው። ራስ ምታቱ ሰነበተባቸው። ሐይቅ ከተማ ወርደው ታዩ፤ "ደሴ ሄደው ሲቲ ስካን ይነሡ" ተባሉ። ደሴ ከሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናትና ሄደው ተነሡ። ከዚያ "ለማንኛውም አዲስ አበባ ብትታዪ ይሻላል" የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው እርስዎ ቤት ገቡ። በእጃቸው ፌስታል አለ። በፌስታሉ ውስጥ ትልቁ ጥቁር ፊልም፣ አንዳንዴም ሲዲ፣ የሪፈር ወረቀትም አብሮ ታጥፎ። እርስዎም ከልጅ የሚጠበቀውን ሁሉ ያደርጋሉ። ጥሩ ሐኪም ያፈላልጋሉ፣ ወረፋ ያስይዛሉ፣ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ይወስዳሉ።

አንድ ነገር ግን ብዙዎቻችን አንጠይቅም። በፊልሙ ላይ ያለው ምስል ፎቶግራፍ አይደለም፤ ሶፍትዌር አስልቶ የሠራው ነው። ሶፍትዌር ደግሞ ሰው የጻፈው ነገር ስለሆነ ስህተት አያጣውም። አምራቹ ስህተቱን ሲደርስበት መሣሪያውን ለገዙት ሁሉ "እዚህ ቦታ ላይ ጉድለት አለ፤ ይታረም፣ እስኪታረም ድረስም በዚህ ተግባር አትጠቀሙ" ብሎ ይጽፋል። ይህ የመሰብሰብና የማረም ጥሪ ነው። የዚህ ወር ጥያቄያችንም ይኸው ነው፦ ያ ደብዳቤ እናትዎን ያነሣው ማሽን ያለበት ክፍል ይደርሳል? ከደረሰስ በኋላ አርዲቦ ያሉትን እናትዎን የሚያገኛቸው በምን አድራሻ ነው?

ምስሉ የሚሠራው እንዴት ነው?

የድሮው ራጅ ቀላል ነበር። ጨረሩ ሰውነትን አልፎ ፊልም ላይ ያርፋል፤ አጥንት ነጭ፣ አየር ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ሐኪሙ የሚያየው ጥላ ነው።

ሲቲ ስካን ግን ሌላ ነው። የጨረሩ ምንጭ በታካሚው ዙሪያ ይሽከረከራል፤ በተቃራኒው ያሉት ተቀባዮች ምን ያህል ጨረር እንዳለፈ ይለካሉ። ከዚህ የሚገኘው ምስል ሳይሆን እልፍ አእላፍ ቁጥር ነው። ኮምፒውተሩ ቁጥሮቹን አስልቶ ጭንቅላትን እንደ ዳቦ በስሱ የተቆረጠ አስመስሎ ያሳያል። የመጀመሪያው ታካሚ በዚህ መንገድ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ነው። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1979 በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ እና አለን ኮርማክ ሁለቱም ሐኪሞች አልነበሩም። አንዱ መሐንዲስ፣ ሌላው የፊዚክስ ሰው ነበሩ። ነገሩ ከጥንስሱ የስሌት ሥራ እንደሆነ ይህ ራሱ ይነግረናል።

አልትራሳውንድም እንዲሁ ነው። ነፍሰ ጡር እህትዎ "ልጁ 32 ሳምንቱ ነው፣ ክብደቱም ይህን ያህል ነው" ተብላ ስትወጣ ልጁን በሚዛን ላይ ያስቀመጠው የለም። ባለሙያው የጭንቅላቱን ስፋትና የጭኑን አጥንት ርዝመት በነጥብ ይለካል፤ ሳምንቱንና ክብደቱን በቀመር አስልቶ የሚያወጣው ሶፍትዌሩ ነው።

ምስሉ ከተሠራ በኋላም ሥራው አያበቃም። ሌላ ፕሮግራም ያስቀምጠዋል፣ ስምና ዕድሜ ይለጥፍበታል፣ ወደ ሐኪሙ ኮምፒውተር ይልከዋል። ሲዲው ላይም ምስሉን የሚከፍት ሌላ ፕሮግራም አለ። እናትዎ ከደሴ አዲስ አበባ እስኪደርሱ ምስላቸው በሦስትና በአራት ፕሮግራሞች እጅ ያልፋል ማለት ነው።

ስህተቱ ምን ይመስላል?

በዓለም ዙሪያ በዚህ ዘርፍ የሚወጡትን የማረሚያ ጥሪዎች ብናይ ጥቂት ዓይነቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው የሰው መቀያየር ነው፤ የአንዱ ታካሚ ምስል በሌላው ስም ይከፈታል። ሁለተኛው የአቅጣጫ ስህተት ነው፤ ቀኙ ግራ ሆኖ ይታያል። ሦስተኛው የልኬት ስህተት ነው፤ ዕጢው ከሆነው በላይ ወይም በታች ሆኖ ይለካል። አራተኛው የጎደለ ምስል ነው፤ ከተነሡት ቁራጮች ጥቂቶቹ ሳይታዩ ይቀራሉ፣ ሐኪሙም ሙሉውን ያየ ይመስለዋል። አምስተኛው የጨረር መጠንን የሚመለከት ነው።

የመጨረሻው ምን ሊያስከትል እንደሚችል በሎስ አንጀለስ የሚገኘው ታዋቂው ሲዳርስ ሳይናይ ሆስፒታል ታሪክ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 ሆስፒታሉ ስትሮክ የተጠረጠረባቸውን ሰዎች ጭንቅላት ለማንሣት የሚጠቀምበትን የሲቲ ስካን አሠራር ለወጠ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ለሐኪሞቹ የተሻለ ምስል ለማግኘት። ነገር ግን ማሽኑ በራሱ የሚከተለው ቅንብር በትክክል ስላልተጤነ ታካሚዎቹ ሊያገኙ ከሚገባቸው ስምንት እጥፍ ያህል ጨረር ወሰዱ። ይህ ለ18 ወራት ቀጠለ። በመጀመሪያ ይፋ የሆነው የተጎጂዎች ቁጥር 206 ነበር።

ማን ደረሰበት ይመስልዎታል? ማሽኑ ጮሆ አላስጠነቀቀም። የጨረሩ መጠን ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ሳለ ማንም ልብ አላለውም። ነገሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2009 አንድ ታካሚ "ፀጉሬ ረገፈ" ብሎ ለሆስፒታሉ በመናገሩ ነው። ከዚያ በኋላ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለሆስፒታሎች ሁሉ ማስጠንቀቂያ አወጣ። አምራቾችም መጠኑ ከተቀመጠለት ልክ ሲያልፍ ባለሙያውን የሚያስጠነቅቅ ነገር በማሽኖቻቸው ውስጥ እንዲያስገቡ ተደረገ። ማሽኑ አልተሰበረም ነበር፤ የተሳሳተው ቅንብሩ ነው። ለታካሚው ግን ያው ነው።

ሌላም እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ መሥሪያ ቤት አንድ ሪፖርት ደረሰ። በልብ ደም ሥር ምርመራ ወቅት የታካሚውን ሁኔታ የሚያሳየው ኮምፒውተር በመሃል ድንገት ጠቆረ። እንደገና ተነሥቶ ሥራ እስኪጀምር 5 ደቂቃ ያህል ሲፈጅ ታካሚው ማደንዘዣ ተሰጥቶት ተኝቶ ነበር። ምክንያቱ ሲጣራ ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ፀረ ቫይረስ በየሰዓቱ ፍተሻ እንዲያደርግ ተደርጎ ስለነበር የሕክምናውን ፕሮግራም አቋርጦታል። ደግነቱ ታካሚው ምንም አልሆነም። አምራቹ የሕክምናው ፋይሎች ከፍተሻው ውጭ እንዲሆኑ የሚያዝ መመሪያ አስቀድሞ ሰጥቶ ነበር። መመሪያው ነበረ፤ በሥራ ላይ አልዋለም እንጂ።

"መሰብሰብ" ሲባል ማሽኑን ጭኖ መውሰድ አይደለም

ምግብ ወይም መድኃኒት ሲበላሽ "ከገበያ ይሰብሰብ" ይባላል፤ ካርቶኑ ተጭኖ ይሄዳል። ሲቲ ስካን ግን ተነቅሎ አይሄድም። ለሶፍትዌር የሚወጣ ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤ ነው። የመሣሪያውን ሞዴል፣ የሶፍትዌሩን ስሪት ቁጥር፣ ስህተቱ በምን ጊዜ እንደሚከሠት፣ እስከዚያው ባለሙያው ምን ማድረግ እንዳለበት ይዘረዝራል። ቀጥሎ የተስተካከለው ስሪት ይጫናል።

አሜሪካኖቹ ጥሪዎቹን በሦስት ደረጃ ይከፍሏቸዋል። አንደኛ ደረጃ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ነው። ሁለተኛው የሚድን ጉዳት የሚያደርስ ወይም ከባድ ጉዳት የማድረስ ዕድሉ ጠባብ የሆነ ነው። ሦስተኛው ጉዳት ያደርሳል ተብሎ የማይጠበቅ ነው። ስለዚህ "ጥሪ ወጣበት" ሲባል ሁልጊዜ መደንገጥ አያስፈልግም። እንዲያውም ጥሪ ማውጣት የጤነኛ አሠራር ምልክት ነው። የሚያስፈራው ጥሪ ወጥቶ የማይሰማበት ቦታ ነው።

አንድ ቁጥር ልስጥዎት። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1998 የወጡ 3,140 የሕክምና መሣሪያ ጥሪዎችን መርምሮ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 242ቱ መነሻቸው ሶፍትዌር ሆኖ ተገኘ። ከ242ቱ ደግሞ 192ቱ ስህተቱ የገባው መጀመሪያ ሲሠራ ሳይሆን በኋላ ማሻሻያ ሲደረግበት ነው። አዲሱ ስሪት ሁልጊዜ ከአሮጌው ይሻላል ማለት አይደለም። ስለዚህም መሣሪያው አንድ ጊዜ ተፈትሾ መግባቱ ብቻ አይበቃም፤ በዕድሜው ሙሉ የሚከታተለው ሰው ያስፈልገዋል።

አውሮፕላኑ የት እንዳለ ይታወቃል

የሶፍትዌር ስህተት የሰው ሕይወት እንደሚቀጥፍ ለኢትዮጵያውያን ማስረዳት አያስፈልግም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ሲወድቅ 157 ሰዎች አልቀዋል። ከዚያ ከጥቂት ወራት በፊት ተመሳሳይ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በሁለቱም አደጋዎች ስሙ የተነሣው የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚደፍቀው ሶፍትዌር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከቢሾፍቱው አደጋ በኋላ በዓለም ላይ ያሉት የዚህ ሞዴል አውሮፕላኖች በሦስት ቀናት ገደማ ውስጥ ከመብረር ታገዱ። ይህ የተቻለው እያንዳንዱ አውሮፕላን ቁጥር ስላለው፣ የማን እንደሆነና የት እንዳለ ስለሚታወቅ ነው። የተሸጠ አውሮፕላን በማን እጅ እንዳለ ሳይመዘገብ አይበርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ሞዴሉን ወደ በረራ የመለሰው ሶፍትዌሩ ተስተካክሎ፣ አብራሪዎች ሠልጥነው፣ በጥር 2014 ዓ.ም. ነው።

የአልትራሳውንድ ማሽን ግን እንዲህ አይደለም። አንዱ ክሊኒክ ገዝቶ ለሌላው ይሸጠዋል። ውጭ አገር ያገለገለው ተጠግኖ ይመጣል። በጎ አድራጊ ድርጅት ይለግሰዋል። አምራቹ ዘንድ ያለው አድራሻ የመጀመሪያው ገዢ አድራሻ ነው። ጥሪው ሲወጣ ደብዳቤው ማሽኑ ከዓመታት በፊት ወደነበረበት ከተማ ይሄዳል። ማሽኑ ግን ሌላ አገር፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ሥራ ላይ ነው።

ከላይ የተለቀቀው ሁሉ ታች አይደርስም

በአገራችን ይህን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያዎችም በእሱ ሥር ናቸው። የጨረር ደኅንነቱን በተመለከተ ደግሞ ቀድሞ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ይሠራው የነበረውን ዛሬ የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ይከታተላል። ስለዚህ ሕግም መሥሪያ ቤትም አለ። ጥያቄው ከደብዳቤው ጉዞ ላይ ነው።

የአርዲቦ አካባቢ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። አርዲቦ ከፍ ብሎ፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሰፊው የሐይቅ ሐይቅ ደግሞ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኙት። የአርዲቦ ውሃ በአንከርካ ወንዝ በኩል ወደ ታችኛው ሐይቅ ይወርዳል። መንገድ ላይ ግን ለመስኖ ይጠለፋል፤ በበጋ ከላይ የተለቀቀው ሁሉ ታች አይደርስም። የማረሚያ ደብዳቤም እንዲሁ ነው። ከአምራቹ ወደ አገር ውስጥ ወኪል፣ ከወኪሉ ወደ ሆስፒታል አስተዳደር፣ ከአስተዳደሩ ወደ ባዮሜዲካል ባለሙያው፣ ከእሱ ወደ ራጅ ክፍል መውረድ አለበት። ወኪል የሌለው ማሽን ከሆነ ገና ከምንጩ ይቋረጣል። አስተዳደሩ ዘንድ ደርሶ ፋይል ውስጥ ከታሰረም ያው ነው። ባዮሜዲካል ባለሙያ በሌለበት ጤና ተቋም ደግሞ ደብዳቤው ቢመጣ እንኳ የሚረዳው ሰው ላይገኝ ይችላል።

ወሎ ላይ ይህ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ያሳስባል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ሐይቅን ሲያዳርስ የደሴ ሆስፒታል መሣሪያዎች መዘረፋቸውና መውደማቸው በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል። ከእንዲህ ያለ ጊዜ በኋላ የሚገባ ዕቃ ከብዙ እጅ ይመጣል። ከመንግሥት፣ ከእርዳታ ድርጅት፣ ከተወላጆች ማኅበር፣ ከውጭ አገር ወንድምና እህት። ሁሉም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ብዙ እጅ ባለበት መዝገብ ይጠፋል፤ መዝገብ በሌለበት ደግሞ ጥሪ አይሰማም።

ስማችንና የልደት ቀናችን

ከማሽኑ ሌላ እኛው ቤት የሚመጣ ጉዳይም አለ። እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላላቸውና የልደት ቀናቸውን በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚያውቁ ሰዎች ነው። የእኛ እናቶች ደግሞ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያላቸው። ወሎ ውስጥ በአንድ ቀን "ፋጡማ አሊ" የሚባሉ ሁለት እናቶች አንድ ራጅ ክፍል በር ላይ ቢገናኙ የሚገርመው የለም። ዕድሜ ሲጠየቁ ሁለቱም "እንጃ ልጄ፣ ስልሳ በለው" ይላሉ። ሶፍትዌሩ ዘንድ አንድ ሰው ሆኑ ማለት ነው።

ተቃራኒውም ይከሠታል። አንዷ እናት ደሴ ላይ ስማቸው በላቲን ፊደል በአንድ መልክ፣ አዲስ አበባ ላይ በሌላ መልክ ይጻፋል። የልደት ዓመታቸው አንዱ ቦታ በኢትዮጵያ፣ ሌላው ቦታ በአውሮፓ አቆጣጠር ይገባል፤ በመካከሉ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይፈጠራል። ፕሮግራሙ ሁለት ሰው ያደርጋቸዋል፤ የዛሬ ሦስት ዓመት የተነሡት ምስል ከዛሬው ጋር ሳይነጻጸር ይቀራል። ይህን ስህተት አምራቹ ደብዳቤ ጽፎ አያርመውም። የሚታረመው ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ነው።

እንግዲህ ምን ያድርጉ?

*ምርመራውን አይፍሩ።* ይህን ጽሑፍ አንብበው እናትዎን "ማሽኑ ይሳሳታል፣ ይቅርብሽ" እንዳይሉ አደራ። ሐኪም ያዘዘውን ምርመራ ባለመነሣት የሚመጣው ጉዳት ከዚህ ሁሉ ይበልጣል።

*ከክፍሉ ሳይወጡ ያመሳክሩ።* ፊልሙ ወይም ወረቀቱ ላይ ያለው ሙሉ ስም ከነአያት፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀን እና የተነሣው የሰውነት ክፍል ትክክል ነው? የታመመው ቀኝ ጉልበት ከሆነ "ቀኝ" ይላል? አንድ ማስታወሻ ግን ልጨምር፤ በሲቲ ስካን ምስል ላይ የታካሚው ቀኝ የሚታየው በተመልካቹ ግራ በኩል ነው። ሐኪሙ ከታካሚው እግር በኩል ቆሞ እንደሚያይ ተደርጎ ስለሚቀመጥ ነውና ይህን አይተው "ተገለበጠ" ብለው አይደንግጡ።

*ውጤቱ ከሕመሙ ጋር ካልገጠመ ይናገሩ።* "ሐኪም ፊት ምን ብዬ" አይበሉ። ሕመሙ በግራ ሆኖ ወረቀቱ ቀኝ ካለ፣ ማሕፀናቸው በቀዶ ጥገና የወጣላቸው እናት "ማሕፀን ጤነኛ ነው" የሚል ውጤት ከመጣላቸው፣ በትሕትና "ዶክተር፣ ይህ የእሳቸው መሆኑ ይታይልን" ይበሉ። የሎስ አንጀለሱን ችግር ያጋለጠው ማሽን አይደለም፤ ፀጉሩ የረገፈ ታካሚ ነው።

*ዋናውን ምስል ያስቀምጡ።* ፊልሙን በስልክ አንሥተው በቴሌግራም የላኩት ፎቶ ለመማከር ይረዳ ይሆናል፤ ምርመራ ግን አይደለም። ቴሌግራም ፎቶን ሲልክ ይጨምቀዋል፣ የግራጫው ልዩነት ይጠፋል፣ በፎቶ ላይም መለካት አይቻልም። ሲዲ ወይም በፍላሽ ዋናውን ፋይል ይጠይቁ፤ ለሐኪም ሲልኩም በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይላኩ። ቤት እንደገቡ ሲዲው መከፈቱን ይሞክሩ። ፊልሙን ፀሐይ ላይ ወይም የጋለ መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ብዙዎቹ ዛሬ የሚታተሙት ሙቀት ያጠቁራቸዋል። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ፎልደር ያዘጋጁ፤ ምርመራው የት፣ መቼ እንደተደረገ ከላይ ይጻፉበት። ነገ "በዚህ ወር በዚህ ማሽን የተነሡ ይመለሱ" ቢባል እናትዎ ከእነዚያ መካከል መሆን አለመሆናቸውን የሚያውቁት ከዚህ ፎልደር ነው።

*ስምን አንድ ያድርጉ።* በፋይዳ መታወቂያ ወይም በፓስፖርት ላይ ያለውን የስም አጻጻፍና የልደት ቀን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አድርገው ያስመዝግቡ። ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይናገሩ።

*ስልክ ቁጥር ይተዉ።* የእናትዎ ስልክ አርዲቦ ላይ ኔትወርክ ላያገኝ ይችላል። ካርድ ክፍል ላይ የእርስዎንም ቁጥር ያስጽፉ። ሆስፒታል ታካሚውን መልሶ ሊጠራ የሚችለው በዚህ ብቻ ነው።

*ችግር ካዩ ያመልክቱ።* መጀመሪያ ለተቋሙ፣ ከዚያ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን። የባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው።

ማሽን ለሚለግሱ ወገኖች

የመጨረሻው ቃሌ ለትውልድ ቀዬአቸው መሣሪያ ለመላክ ገንዘብ ለሚያዋጡ ነው። ከእናንተ መካከል የአንድ አካባቢ ተወላጆች ማኅበር አባል ያልሆነ ጥቂት ነው፤ "ለሐይቅ አንድ አልትራሳውንድ እንግዛ" የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሣል። ደግ ሐሳብ ነው። ስጦታው ሙሉ እንዲሆን ግን ከማሽኑ ጋር አራት ነገር አብሮ ይሂድ።

አንደኛ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴሉን ስም ይዛችሁ የወጣበት ጥሪ እንዳለና መታረም አለመታረሙን ጠይቁ። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ የጥሪዎቹን ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ያስቀምጣል፤ ውጭ ያለ ወንድማችሁ በአንድ ምሽት ሊያየው ይችላል። ሁለተኛ፣ የማሽኑን መለያ ቁጥርና የሶፍትዌሩን ስሪት በወረቀት አስፍራችሁ ለተቀባዩ ተቋም በፊርማ አስረክቡ። ሦስተኛ፣ ለአምራቹ "ይህ ቁጥር ያለው ማሽን ከአሁን በኋላ የሚገኘው በዚህ ተቋም ነው" ብላችሁ ጻፉ። ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ናት፤ ወጪ የላትም። ያችን ደብዳቤ ካልጻፋችሁ ግን ማሽኑ ለአምራቹ የጠፋ ዕቃ ነው። አራተኛ፣ ባለሥልጣኑ የሚጠይቀውን ፈቃድ አሟልታችሁ አስገቡ፤ "ለተቸገረ ነው፣ ምን አለበት" ብሎ በጎን ማስገባት የተቸገረውን ከመዝገብ ውጭ ማድረግ ነው።

የሪባን መቁረጫው ቀን ፎቶ ያምራል። ከሦስት ዓመት በኋላ የማረሚያ ደብዳቤ ሲወጣ ግን ፎቶው አድራሻ አይሆንም። አርዲቦ ዳር ያለች ነፍሰ ጡር ሴት ልጇ ስንት ሳምንቱ እንደሆነ ስትጠይቅ የምታገኘው መልስ በዚያች ግማሽ ገጽ ላይ ሊመሠረት ይችላል። አምራቹ ማሽኑ የት እንዳለ ይወቅ፤ ሆስፒታሉ ታካሚው የት እንዳለ ይወቅ። ሁለቱ ከተሟሉ ጥሪው ይሰማል።

በዚህ ሳምንት እርስዎም ቤት ውስጥ ያሉትን ፊልሞችና ሲዲዎች ከቁም ሣጥን አናት ላይ ያውርዷቸው። ስማቸውን ያንብቡ፣ በቀን በቀን ያስቀምጧቸው። ወደ አገር ቤት ሲደውሉም ከ"ደኅና ዋላችሁ" ቀጥሎ "ደሴ የተነሣሽው ወረቀት የት ነው ያለው?" ብለው ይጠይቁ።